የአባ ሳሙኤል ልምላሜ ማገገም አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ስላለው አባ ሳሙኤል ሐይቅና በዙሪያው ስላለው ረግረጋማ መሬት የወጣ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደርሷል። ያላነበቡት እንዲከታተሉኝ ፍሬ ነገሩን በቅድሚያ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1985 በየካቲት ወር፣ ሌላው ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር የተነሡ ሁለት የሳተላይት ምስሎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሐይቁ ዕፅዋት በእጅጉ መጨመራቸውን ያሳያሉ። ከዚህም ተነሥተው ረግረጉ ራሱን በራሱ እያከመ ነው ይላሉ። የሐይቁ ውሃ የቀነሰው በዝናብ እጥረት መሆኑን፣ ጨለለቃ የተባለው የቢሾፍቱ ውሃም በዚሁ ምክንያት መጥፋቱን፣ በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ላይ ግን ለውጥ አለመታየቱን፣ በቻይናው ፖያንግ ሐይቅ የታየውም ከዚህ ጋር አንድ መሆኑን ይጨምራሉ። የአካባቢው ሰዎች «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉት ትዝታ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ ያስረዱና፣ እምቦጩ በማሽን ከተነሣ ሌላ ጥበቃ እንደማያስፈልግ፣ ውሃው የሸሸበትም መሬት ለሌላ አገልግሎት ሊውል እንደሚችል በመግለጽ ይደመድማሉ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው የተደከመበት መሆኑን ግን መመስከር እችላለሁ፤ አንድ ትልቅ ነገርም ትክክል ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ላንድሳት ከሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የመጀመሪያው ከመጠቀ ጀምሮ የተጠራቀመው የምስል ክምችት ከ2008 ወዲህ ለማንም በነጻ የተከፈተ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠ ተማሪ የአቃቂን የግማሽ ምዕተ ዓመት ገጽታ በራሱ ኮምፒውተር ላይ መመልከት ይችላል። ይህን ዕድል ብዙ ሰው እንዲጠቀምበት ማበረታታታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። እኔም ኑሮዬ አቃቂ፣ የዕለት ሥራዬም ከካርታና ከሳተላይት ምስል ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምስሎቹ እውነተኛ ናቸው፤ የተነበቡበት መንገድ ግን ስህተት ነው፤ በስህተቱ ላይ የተገነባው ምክር ደግሞ ሥራ ላይ ቢውል የቀረችውን ጨፌ የሚያጠፋ ነው።

ከምስሎቹ ቀን ልጀምር። የካቲትና ጥቅምት በእኛ ሀገር ምን ያህል እንደሚራራቁ ለአቃቂ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ክረምቱ በወጣ ማግስት፣ ጥቅምት ላይ፣ ከእንጦጦ እስከ ዱከም አረንጓዴ ያልሆነ ቦታ መፈለግ ነው የሚያስቸግረው፤ መንገድ ዳር ያለው ጉድባ ሳይቀር ሣር ለብሷል። የካቲት ላይ ደግሞ ያው መሬት ታጭዶ፣ ተግጦ፣ ደርቆ፣ ጥቁሩ አፈር እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። የየካቲትን ምስል ከጥቅምት ምስል ጋር ያስተያየ ሰው ያነጻጸረው ሁለት ወቅቶችን ነው፤ በመካከላቸው ያለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በዚያ ልዩነት ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው በዚህ መንገድ ሊያውቅ አይችልም። ላንድሳት አንድን ቦታ በየ16 ቀኑ የሚያነሣ ቢሆንም ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ስለሚጋርደን ክረምቱን ከሞላ ጎደል አናየውም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው የሚያደርገው የየዓመቱን ተመሳሳይ ወር፣ ለምሳሌ ጥርን ብቻ፣ እየመረጠ ዓመት በዓመት መደርደር ነው። ሁለት ምስል ለማሳያ ያገለግላል፤ የረጅም ጊዜ ለውጥን ለማረጋገጥ ግን አይበቃም።

በዚህ ላይ መነሻ ዓመቱ አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1985 ማለት በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1977 ዓ.ም. ማለት ነው። 1977ን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያሻም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ዝናብ የከዳበት፣ ሀገር የተራበበት ጊዜ ነው። የድርቅ ዓመትን መነሻ አድርጎ የተነሣ ሰው ከዚያ በኋላ የመጣ ማንኛውም ዓመት ልምላሜ ጨምሮ ቢያገኘው አይገርምም። ጸሐፊው ይህን ሆን ብለው ያደረጉት አይመስለኝም። ላንድሳት 5 የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ስለሆነ አንድ ነጥቡ (ፒክስሉ) 30 ሜትር ስፋት ያለውን ምስል የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ አካባቢ ነው፤ መጥፎ አጋጣሚ ሆኖ የእኛ ክፉ ቀንም ከዚያው ጋር ተገጣጠመ። ሆኖም ሊነገር ይገባ ነበር። የድሮውንና የቅርቡን ምስል ያነሡት የሁለቱ ሳተላይቶች መሣሪያም አንድ አይደለም፤ አዲሱ ላንድሳት 8 የሚለካው የኢንፍራሬድ (ዐይን የማያየው ብርሃን) ክልል ከላንድሳት 5 የጠበበ በመሆኑ ማስተካከያ ሳይደረግ የሁለቱን ቁጥር እኩል መመዘን የልምላሜውን ልዩነት ያዛባዋል። በጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ ማስተካከያ አንድ ቃል አላየሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ አረንጓዴው ምንድን ነው?

ጽሑፉ የተመረኮዘበት የልምላሜ መለኪያ (ኤንዲቪአይ የሚባለው) አሠራሩ ቀላል ነው። ሕያው ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት ይወስደዋል፤ ዐይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ይረጨዋል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ከ-1 እስከ 1 የሚደርስ ቁጥር ይገኛል፤ ለምለም ቅጠል ወደ 1 ሲጠጋ፣ ኢንፍራሬዱን የሚውጠው ጥልቅና ጥርት ያለ ውሃ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ቁጥሩ የሚነግረን ይህን ብቻ ነው። ቅጠሉ የቄጠማ ይሁን የእምቦጭ፣ የፊላ ይሁን የጥቅል ጎመን፣ ከሥሩ ውሃ ይኑር ደለል፣ ወፍ ይኑርበት አይኑርበት መለኪያው አያውቅም። ጸሐፊው «ዕፅዋት ጨመሩ» ካሉበት ዓረፍተ ነገር «ረግረጉ አገገመ» ወዳሉበት ሲሻገሩ የተራመዱት በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ባለፈው ጥር በሐይቁ ዳርቻ ከብቶቻቸውን ይዘው የቆሙ አንድ አዛውንት አግኝቼ ነበር። ከፊታችን ዐይን እስኪታክት የተዘረጋ ወፍራም አረንጓዴ አለ። «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ለምለም ነገር ለከብቶቹ ይበቃል አይደል?» አልኳቸው። «ምን ይበቃል ልጄ» አሉኝ፤ «ጊደሬ ሣር መስሏት ገብታበት ሰምጣ በገመድ ነው ጎትተን ያወጣናት።» ጎንበስ ብዬ አንዱን ተክል ነቀልኩት። ለመንቀል ጉልበት አልጠየቀኝም፤ መሬት አልያዘም ነበርና። የቅጠሉ አንገት እንደ ስፖንጅ ያበጠ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ውስጡ አየር ስለሆነ እየተንኮሻኮሸ ይሟሽሻል። ከሥሩ ጠጉር የመሰለ ጥቁር ሥር ተንዠርጎ ግራጫ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሽታው የከተማችን ፍሳሽ ሽታ ነው። እምቦጭ ነው። ይህ ተክል ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን፣ በሀገራችን መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ሞቃት ውሃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሳተላይቱ መለኪያ ደግሞ ከማንኛውም የረግረግ ተክል የማያንስ ከፍተኛ ቁጥር ያስመዘግባል፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውሃም የማይቸግረው ስለሆነ የበጋ ፀሐይ አያጠወልገውም።

ጤነኛው ጨፌ ግን በዚያው ወር ምን ይመስላል? ለበዓል ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ በጥርና በየካቲት ታጭዷል፤ የቀረውን ከብት ግጦታል፤ ጫፉም ቢጫ ሆኗል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከፊሉ በውሃ ይሸፈንና ቁጥሩን ጭራሽ ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ በዚህ መለኪያ ብቻ ከተመራን፣ በሕግና በሥርዓት እየታጨደ የሚኖር ጨፌ «የተጎዳ»፣ በፍሳሽ የሰባ አረም የወረረው ውሃ ደግሞ «ያገገመ» ሆኖ ይቀርባል። የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

አረንጓዴው ሁሉ እምቦጭ ነው ማለቴም አይደለም። ሌሎች ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው የአቃቂን ወንዝ ውሃ እየሳቡ በበጋ የሚለማው አትክልት ነው፤ ጥቅል ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው ቀድሞ ጨፌ በነበረ መሬት ላይ መደብ ተሠርቶለት ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ ይታያል። ሁለተኛው ከሐይቁ ከፍ ብሎ ያለው የመረሬ (የጥቁር አፈር) መሬት ነው። እዚህ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ጤፉ በሚያሽትበት በኅዳር የሽምብራው ማሳ ገና ለምለም ነው። አካባቢውን የማያውቅ ሰው ይህን ከሐይቁ ጋር የተያያዘ አረንጓዴ ጥምጥም የረግረግ ዕፅዋት ብሎ ቢቀባው አልፈርድበትም። ግን ከመቀባቱ በፊት አንድ ቀን ወርዶ ማየት ነበረበት።

ወደ ቦታው ሳይወርዱም ቢሆን ተንሳፋፊውን ከሥር ሰደዱ የሚለይ መንገድ አለ፤ ጸሐፊው ስላልተጠቀሙበት ላመልክታቸው። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 ከመጠቁ ወዲህ፣ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ በ10 ሜትር ጥራት ያነሣሉ። የአንድ ወር ምስሎችን በተከታታይ ብንደረድር፣ በደለል ላይ የበቀለው ፊላ ባለበት ይቆማል፤ እምቦጩ ግን ነፋስ የሚነዳው ስለሆነ ዛሬ በግድቡ በኩል ተከማችቶ የታየው ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሌላው ዳርቻ ተጠግቶ ይገኛል። ጨፌ ደግሞ አይጓዝም። ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ኢንተርኔትና ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ቀጥሎ «ሐይቁ በዝናብ እጥረት ቀነሰ» ወደሚለው እንለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያውቁት አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል። የውሃውን ስፋት የለኩት ኢንፍራሬድን የሚውጠውን የምስል ክፍል በመቁጠር ነው፤ ዘዴው የታወቀና ለጥርት ያለ ውሃ የሚሠራ ነው። ነገር ግን ውሃው በእምቦጭ ሲሸፈን ሳተላይቱ የሚያየው ቅጠሉን እንጂ ከሥሩ ያለውን ውሃ ስላልሆነ ያ ክፍል ከ«ውሃ» ዝርዝር ወጥቶ «ዕፅዋት» ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በአንደኛው ሠንጠረዥ የጨመረው ዕፅዋትና በሁለተኛው ሠንጠረዥ የቀነሰው ውሃ በከፊል ያው አንድ የአረም ምንጣፍ ነው። ሐይቁ ምን ያህል እንደቀነሰ ለማወቅ ወይ በዳርቻው የተተከለ የውሃ ከፍታ መለኪያ፣ ወይ አረሙ ተጠራርጎ ወደ አንድ ጥግ የተገፋበትን ቀን ምስል መፈለግ ያስፈልጋል።

ሌላው የተዘለለው ነገር አባ ሳሙኤል የተፈጥሮ ሐይቅ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ፣ የሀገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የቆመበት ግድብ የያዘው ውሃ ነው። ማመንጫው ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ዳግም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የግድብ ውሃ ከፍና ዝቅ የሚለው በዝናብ ብቻ አይደለም፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋም ነው። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂም ላይኛው ተፋሰሳቸው ላይ ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ይዘውባቸዋል። ያ ውሃ በቧንቧ ወደየቤታችን ገብቶ፣ ታጥበንበትና አጥበንበት፣ ፋብሪካውም ተጠቅሞበት፣ በአብዛኛው ሳይጣራ ተመልሶ ወደ ወንዞቹ ይወርዳል። በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወዴት እንደተስፋፋች የቱሉ ዲምቱንና የቂሊንጦን ኮንዶሚኒየሞች ያየ ያውቃል። የዚህ ሁሉ ሰው ፍሳሽ ማረፊያው ይህ ሐይቅ ነው። የእምቦጩ ቀለብ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ደለሉም አለ። ሁለቱ ወንዞች ከተቆፈረው ኮረብታ፣ ከታረሰው ተዳፋትና ከግንባታው ቦታ የሚያግዙትን አፈር የሚጥሉት ውሃው ፍጥነቱን በሚያጣበት በሐይቁ አፍ ላይ ነው። እዚያ ሐይቁ ከላይ ዝናብ ስላጣ ሳይሆን ከታች ወለሉ ስለተነሣ ይጠባል፤ በተነሣው ወለል ላይ ፊላና ሣር ይበቅላል። ይህ ዕፅዋት እውነተኛ ነው፤ ሥር የሰደደ ነው፤ ወፎችም ሊጠለሉበት ይችላሉ። የሚነግረን ግን የግድቡ ሆድ በአፈር እየሞላ መሆኑን ነው። ዝናቡን ተጠያቂ ካደረግን የምንጠብቀው የሰማይን ምሕረት ብቻ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ተዳፋትም እንደተቦረቦረ ይቀጥላል።

ስለ ጨለለቃ አጠር አድርጌ ልናገር። ጨለለቃ ጥልቀት የሌለው፣ ክረምት ሲሞላ የሚንጣለል፣ በጋ ሲጠና የሚሸሽ ውሃ ነው። በግንቦት ባዶውን አንሥቶ «ጠፋ» ማለት፣ በመስከረም ሞልቶ አንሥቶ «ተመለሰ» ከማለት አይለይም። በዙሪያው ግፊት አለበት፤ ይህን አልክድም፤ ነገር ግን ግፊቱን የሚያሳየው የወራት ዑደቱ ዓመት በዓመት እንዴት እንደተለወጠ እንጂ አንድ ምስል አይደለም። የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ከዚህ ጋር ማነጻጸራቸውም አያስኬድም። የቢሾፍቱ ሐይቅ እስከ 87 ሜትር የሚጠልቅ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ነው፤ በዳርቻው ያለው ፊላና ሸምበቆ በብዙ ቦታ ከአንድ የላንድሳት ፒክስል፣ ማለትም ከ30 ሜትር፣ የጠበበ ነው። አንድ ፒክስል ውስጥ ግማሹ ውሃ፣ ሩቡ ቋጥኝ፣ ሩቡ ፊላ ሲሆን የሚወጣው ቁጥር የአንዳቸውም አይደለም። «ለውጥ አልታየም» ማለታቸው ለውጥ የለም ማለት ሳይሆን መነጽሩ አይደርስም ማለት ነው።

የፖያንግን ነገር ጸሐፊው ለራሳቸው ድጋፍ አድርገው መጥቀሳቸው ደግሞ አስገርሞኛል። ፖያንግ በበጋቸው በጎርፍ የሚሞላ፣ በመጸውና በክረምታቸው የሚሸሽ፣ ከያንግዜ ወንዝ ጋር የተያያዘ ትልቅ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በመጸው ውሃው ቀድሞ መሸሽ በመጀመሩ ሣርና ቄጠማ ጭቃውን እየተከተለ ወደ ሐይቁ መሐል መውረዱን የሳተላይት ጥናቶች አሳይተዋል። ነገር ግን አጥኚዎቹ ይህን በደስታ አልተቀበሉትም። በመጥፋት ላይ ያሉት የሳይቤሪያ ክሬን የሚባሉ ወፎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚከርሙት በፖያንግ ሲሆን፣ የሚመገቡትም በውሃ ውስጥ የሚበቅልን የአንድ ተክል ሥር እየቆፈሩ ነው። ጥልቀቱ የቀነሰ፣ በሣር የተሸፈነ ሐይቅ ለእነርሱ የተዘጋ ማዕድ ቤት ነው። ወደ እኛም በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው የሚመጡ ባለ ረጅም እግር ወፎች አሉ፤ የሚያርፉት ጭቃውና ቀጭኑ ውሃ ክፍት በሆነበት ዳርቻ ነው። የፖያንግ ምሳሌ በትክክል ከተነበበ የሚያስጠነቅቀው ጸሐፊውን ራሳቸውን ነው።

አሁን ስለ ትዝታ። ሰው ያለፈውን እንደሚያሳምር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ የድሮው ዝናብ ሁልጊዜ የተሻለ፣ የድሮው ዓሣ ሁልጊዜ የሚበልጥ ነው። ቢሆንም የሽማግሌ ቃል ሊፈተን የሚገባው ማስረጃ ነው እንጂ የሚጣል ነገር አይደለም። እነዚያን አዛውንት «ቄጠማው የታለ ታዲያ?» ብዬ ስጠይቃቸው በበትራቸው ወደ አንድ የጎመን መደብ አመለከቱኝ፤ «ከዚያ ዋርካ እስከዚህ ድረስ ጨፌ ነበር፤ በሰኔ በእግር አይገባም ነበር» አሉኝ። ቦታ ሰጡኝ፣ ወር ሰጡኝ፣ ምልክት ሰጡኝ። ይህን ይዤ የዚያን ቦታ የድሮ የጥር ምስሎች መክፈትና ማመሳከር እችላለሁ። እንዲያውም ሳተላይቱ ራሱ ትዝታው አጭር ነው፤ ግድቡ ከተሠራ በኋላ ላንድሳት እስኪመጥቅ ድረስ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ የመጀመሪያዎቹም ምስሎች አንድ ፒክስላቸው ወደ 80 ሜትር የሚደርስ ስለነበር የአንድ ገበሬን ጨፌ አይለዩም። ያንን ጊዜ የሚነግሩን በአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችና የዳርቻው ሰዎች ብቻ ናቸው። ሰዎቹ ደግሞ እያረጁ ነው፤ አሁን ካልጠየቅናቸው የምንጠይቀው አናገኝም።

በመጨረሻ የጸሐፊው ምክር ላይ ደረስን። እምቦጩን በማሽን ማንሣት ጊዜያዊ እፎይታ እንደሚሰጥ አልከራከርም፤ ጣና ላይ ሕዝቡ በእጁ ሳይቀር እየነቀለ የታገለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የተክሉ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት፣ እስከ 20 ዓመት ድረስ፣ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ፍሳሹ መውረዱን ካላቆመ የተነሣው ቦታ መልሶ የሚሞላው በወራት ውስጥ ነው። ማሽኑ የሚያነሣው ቅጠሉን ነው፤ ቀለቡን የሚልከው ግን እያንዳንዳችን ቤት ያለው ቱቦ፣ ከወንዙ ዳር ያለው ፋብሪካና ማጣሪያ ያልተሠራለት ሰፈር ነው።

«ውሃው የሸሸበት መሬት ለሌላ አገልግሎት ይዋል» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ከላይ እንዳልኩት ውሃው የሸሸ የመሰለው ከፊሉ በአረም የተሸፈነ ውሃ ነው፤ ከፊሉ የክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። በየካቲት የደረቀውን አይቶ መሠረት የጣለ ሰው በነሐሴ ቤቱ ውስጥ ውሃ ያገኛል፤ በአቃቂ ዳር ያሉ ነዋሪዎች በየክረምቱ የሚከፍሉት ዋጋ ይህ ነው። ጨፌው ጎርፉን ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቀው ነበር፤ ከፍሳሹም የተወሰነውን አጥልሎ ያስቀር ነበር። ይህን አገልግሎት የሚሰጥ መሬት «ባዶ» ተብሎ ካርታ ላይ መሰየሙ፣ ያውም የሳተላይት ማስረጃ በሚል ስም፣ በጣም ያሳስበኛል። አንድ ምስል ከታተመ በኋላ ለአንባቢ ከመቶ ሰው ምስክርነት በላይ ይከብዳልና፤ ይህን ጽሑፍ በሙያ አማካሪነት የሚያነብ ሰው ቢሮ ውስጥ ይዞት ቢገባ የሚወሰነው ውሳኔ ተመልሶ አይነሣም።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የተጠቀሙባቸውን ምስሎች ሙሉ ቀንና መለያ ያሳውቁን፤ አዲስ አበባና አካባቢዋ በላንድሳት ፍርግርግ መስመር 168፣ ረድፍ 54 ላይ ስለሆኑ ማንም አውጥቶ ሊያያቸው ይችላል። የ1985ቱን ምስል ከሌሎች የድርቅ ያልሆኑ ዓመታት የጥር ምስሎች ጋር ደርድረው ውጤቱን ዳግም ያውጡ። «አገገመ» የሚለውንም ቃል ይህ እስኪሆን ድረስ ከጽሑፋቸው ያንሡ። እኔ በበኩሌ በመጪው ጥር ሴንቲኔል-2 በሚያልፍበት ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ በሐይቁ ዳርቻ እገኛለሁ፤ አረሙ፣ ፊላው፣ ጎመኑና የተረፈው ቄጠማ የቆሙበትን እያንዳንዱን ቦታ በስልኬ መዝግቤ ከዕለቱ ምስል ጋር አስተያየዋለሁ። ጸሐፊው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ከአቃቂ አብረን እንነሣለን፣ አዛውንቱም ዋርካውን ያሳዩናል።